ማምረታቸው የቆመ፣ መምሪያቸው የጠፋ የብረታ ብረት ማሽኖች ለሥልጠና ወርክሾፕ፤ ግዥአቸውና አያያዛቸው በጅግጅጋና በሰሜን ሶማሌ ክልል ከተሞች

መግቢያ

የሙያ ትምህርት ከቀለም ትምህርት የሚለይበት ዋናው ነገር ሠልጣኙ በእጁ የሚነካው መሣሪያ መኖሩ ነው። ስለ ቶርኖ መቶ ገጽ ያነበበ ሠልጣኝና በቶርኖ ላይ አንዲት ቡሽ ለክቶ ያወጣ ሠልጣኝ እኩል ሠለጠኑ ሊባል አይቻልም። ይሁን እንጂ አዲስ የብረታ ብረት ማሽን በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ውድ ዕቃ ስለሆነ፣ በጀታቸው ውሱን የሆነ የሥልጠና ተቋማትና አነስተኛ ወርክሾፖች ያገለገሉ ማሽኖችን ለመፈለግ ይገደዳሉ።

ይህ ጉዳይ በጅግጅጋና በአካባቢዋ ልዩ መልክ አለው። ጅግጅጋ ከሐረር በስተምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በቶጎ ጫሌ በኩል ወደ ሐርጌሳና ወደ በርበራ ወደብ በሚያመራው መንገድ ላይ የምትገኝ የንግድ ከተማ ናት። በአንድ በኩል ካገለገሉ ዕቃዎች ገበያ ቅርብ ናት፤ በሌላ በኩል ግን መለዋወጫ ከሚመረትባቸውና የማሽን ባለሙያ በቀላሉ ከሚገኝባቸው ከተሞች ሩቅ ናት። በአካባቢው የውኃ ፓምፕ፣ የናፍጣ ጄኔሬተር፣ የጭነት መኪናና የእርሻ ትራክተር የኑሮ መሠረት ናቸው። የፓምፕ ዘንግ ሲበላ አዲስ ዘንግ ቆርጦ የሚያወጣ ሰው በከተማው ካልተገኘ፣ በድርቅ ወራት የሚጎዳው የፓምፑ ባለቤት ብቻ ሳይሆን ከዚያ ጉድጓድ የሚጠጣው ሕዝብና ከብት ሁሉ ነው። ስለዚህ በጅግጅጋ፣ በቀብሪ በያህ፣ በአውበሬ፣ በሽንሌ ወይም በኤረር አንድ ቶርኖ በትክክል እንዲሠራ ማድረግ ከወርክሾፑ ግድግዳ አልፎ የሚሄድ ጥቅም አለው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ፋብሪካው ማምረቱን ያቆመና መምሪያ መጽሐፍ የሌለው ማሽን እንዴት እንደሚመረጥ፣ እንዴት እንደሚመረመርና እንዴት ለሥልጠና እንደሚውል ለመምህራንና ለተቋማት ኀላፊዎች ማስረዳት ነው።

1. ከድሬዳዋ የሚገኝ ትምህርት

ለዚህ ጉዳይ ከሁሉ የቀረበው ምሳሌ የድሬዳዋው የምድር ባቡር ወርክሾፕ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በደወሌ፣ በአይሻ፣ በአዲጋላና በሽንሌ በኩል አልፎ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1909 ዓ.ም. ነው። በመሥመሩ አጋማሽ ገደማ የምትገኘው ድሬዳዋ የሎኮሞቲቮችና የፉርጎዎች መጠገኛ ማዕከል ሆነች። ስፋቱ 1 ሜትር በሆነው በዚህ ሐዲድ ላይ ይመላለሱ ለነበሩት ባቡሮች የሚያስፈልገው መለዋወጫ ከአውሮፓ መምጣቱ እየዘገየ፣ በኋላም ከነጭራሹ መመረቱ እየቀረ ሲሄድ፣ የወርክሾፑ ሠራተኞች የተሰበረውን ክፍል እየለኩ በራሳቸው ማሽኖች አምሳያውን መሥራት ልማዳቸው ሆነ። ማሽኖቹ ራሳቸውም ያረጁ ስለነበሩ፣ ቶርኖው ለሎኮሞቲቩ ብቻ ሳይሆን ለሌላው ቶርኖ ጭምር መለዋወጫ ያወጣ ነበር።

ስፋቱ 1,435 ሚሊ ሜትር የሆነው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ሐዲድ በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ አሮጌው መሥመር የቀድሞ አገልግሎቱን ቢያጣም፣ ወርክሾፑ ለሙያ ትምህርት የሚሰጠው ምክር አላረጀም። ይኸውም ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ መምሪያ የሌለው ማሽን ሥራ ፈት ሊሆን አይገባም፤ ማሽኑ ራሱ በመለካት ሊነበብ የሚችል መጽሐፍ ነውና። ሁለተኛ፣ በአንድ ሽማግሌ ባለሙያ እጅና ጆሮ ብቻ ተቀምጦ በወረቀት ያልሰፈረ ዕውቀት፣ ባለሙያው በጡረታ ሲሰናበት አብሮት ይሄዳል። የመጀመሪያው ምክር ያደፋፍራል፤ ሁለተኛው ያስጠነቅቃል።

2. ከግዥ በፊት፤ ስሙንና ቁጥሩን ማንበብ

የማሽን የመጀመሪያው መምሪያ በአካሉ ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ ነው። በሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር ትርጉም የለሽ መለያ አይደለም፤ የማሽኑን ዐይነትና አቅም የሚናገር ነው።

ሀ) የሶቪየት ኅብረት ማሽኖች። በዚህ የአሰያየም ሥርዐት የመጀመሪያው አኃዝ የማሽኑን ወገን ያመለክታል፤ 1 ቶርኖ፣ 2 የመብሻ ማሽን ወይም ትራፓኖ፣ 3 የመሞረጃ ማሽን፣ 6 ፍሬዛ፣ 7 ደግሞ የመላጊያና የመሰል ሥራዎች ማሽን ነው። ሁለተኛው አኃዝ የማሽኑን ዐይነት፣ የመጨረሻዎቹ አኃዞች መጠኑን ይናገራሉ፤ በመካከል የሚገባው ፊደል የተሻሻለ ሞዴል መሆኑን ያሳያል። ለምሳሌ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በብዛት የተመረተው 1ኬ62 ቶርኖ ከአልጋው በላይ እስከ 400 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው ሥራ ያዞራል። እርሱን የተካው 16ኬ20ም መጠኑ ተመሳሳይ ነው። 2ኤን125 የተባለው ትራፓኖ በብረት እስከ 25 ሚሊ ሜትር ይበሳል።

ከሰሌዳው ላይ ቁጥሩን ሲገለብጡ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በሩሲያ ፊደል የእንግሊዝኛውን ኤች የሚመስለው ምልክት ኤን ነው፤ ፒ የሚመስለው አር፣ ሲ የሚመስለው ኤስ፣ ቢ የሚመስለው ደግሞ ቪ ነው። ይህን ያላወቀ ገዥ መረጃ የሚፈልገው በሌለ ስም ይሆናል።

ለ) የቻይና ማሽኖች። በቻይናው ሥርዐት ቀዳሚው ፊደል የማሽኑን ወገን ይገልጣል፤ ሲ ቶርኖ፣ ኤክስ ፍሬዛ፣ ዜድ ትራፓኖ፣ ኤም የመሞረጃ፣ ቢ የመላጊያ ማሽን ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች በቶርኖ ላይ የሚዞረውን ትልቁን ዲያሜትር በሴንቲ ሜትር ይሰጣሉ። ሲ6132 እስከ 320 ሚሊ ሜትር፣ ሲኤ6140 እስከ 400 ሚሊ ሜትር ያዞራል።

እዚህ ላይ ገዥን የሚያሳስት ነገር አለ። በ16ኬ20 ላይ ያለው 20 የመሐል ቁመት ሲሆን፣ በሲኤ6140 ላይ ያለው 40 ግን ሙሉ ዲያሜትር ነው። ስለሆነም ሁለቱ ማሽኖች በአቅም እኩያ ሆነው ሳለ፣ ቁጥሩን ብቻ የሚያይ ሰው ሁለተኛው የመጀመሪያውን እጥፍ ይመስለዋል።

ማምረት የቆመ መሆኑ ብቻውን ማሽንን ከግዥ ውጭ አያደርገውም። በብዙ ቁጥር ተመርቶ በብዙ አገር የተሠራጨ አሮጌ ሞዴል፣ በጥቂቱ ተመርቶ ከቀረ አዲስ ሞዴል ይልቅ መለዋወጫም ዐዋቂም ይገኝለታል። በኢትዮጵያም የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ ከተከፈተ ወዲህ፣ በሶቪየት ማሽን የሠለጠነ ትውልድ በአገሪቱ ወርክሾፖች ተበትኖ ኖሯል። ገዥው መጠየቅ የሚገባው «ስንት ዘመኑ ነው?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «በድሬዳዋ፣ በሐረር ወይም በአዲስ አበባ ይህን ማሽን የሚያውቅ ማን አለ?» ብሎም ነው።

3. በቦታው የሚደረግ ምርመራ

አዲስ ቀለም የተቀባ አሮጌ ማሽን ከመግዛት በፊት ከዚህ የሚከተሉት ምርመራዎች መደረግ አለባቸው። ለምርመራው ዳያል ጌጅ፣ ማይክሮ ሜትር፣ ካሊፐርና አንድ የእንጨት ዘንግ ይበቃሉ።

ሀ) የአልጋው መበላት። የቶርኖ አልጋ ይበልጥ የሚበላው ሥራ በሚበዛበት በቻኩ አጠገብ ነው። ተንሸራታቹ ክፍል በቻኩ አጠገብ እያለ ማስተካከያው በመጠኑ ይጠበቅና ወደ ጅራቱ ይገፋ። በቻኩ አጠገብ ልል ሆኖ በጅራቱ በኩል ከተጣበቀ አልጋው በእኩል አልተበላም ማለት ነው።

ለ) የዋናው ተሽከርካሪ ዘንግ ልልነት። ዳያል ጌጁ በዘንጉ አፍ ላይ ተደግፎ፣ በቻኩ ውስጥ የገባው እንጨት ወደ ላይና ወደ ታች ቀስ ብሎ ይገፋ። መርፌው ከጥቂት መቶኛ ሚሊ ሜትር በላይ ከዘለለ ኩሽኔታው መስተካከል ወይም መለወጥ ይኖርበታል። ኩሽኔታ ደረጃው የታወቀ ዕቃ በመሆኑ በላዩ ላይ በተጻፈው ቁጥር በገበያ ይፈለጋል፤ የተሰነጠቀ አልጋ ግን አይፈለግም።

ሐ) ማርሾቹ። በእያንዳንዱ ፍጥነት ማሽኑ ለጥቂት ደቂቃ ይዙር። በአንድ ፍጥነት ላይ ብቻ ተራ ጠብቆ የሚሰማ ኳኳታ የተሰበረ ጥርስ ምልክት ነው።

መ) የቆረጣ ፈተና። ከ40 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ውፍረት ያለው ብረት ከቻኩ 150 ሚሊ ሜትር ያህል ወጥቶ፣ የጅራት ድጋፍ ሳይደረግለት፣ በሁለቱ ጫፎች በቀጭኑ ይቆረጥ፤ ሁለቱም ዲያሜትሮች በማይክሮ ሜትር ይለኩ። ልዩነቱ በመቶኛ ሚሊ ሜትር የሚቆጠር ከሆነ ማሽኑ ለሥልጠና ይሆናል። ወደ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ከደረሰ ግን፣ ሠልጣኙ የራሱን ስሕተት ከማሽኑ ስሕተት ለይቶ ሊማርበት አይችልም።

ሠ) የጎደሉ ዕቃዎች። ቻኩ፣ የቻኩ ቁልፍ፣ የተለዋዋጭ ማርሾች ስብስብ፣ የሥራ መደገፊያዎችና የመቁረጫ መያዣው ተቆጥረው በሽያጭ ውሉ ላይ በዝርዝር ይጻፉ። የመንግሥት ተቋም ከሆነም ያገለገለ ዕቃ መግዛት በግዥ መመሪያ የሚፈቀድበት ሁኔታ አስቀድሞ ይረጋገጥ።

ማሽኑ በሻጩ ግቢ ኤሌክትሪክ ገብቶለት ሲዞር ካልታየ፣ ዋጋው እንደ ማሽን ሳይሆን እንደ አሮጌ ብረት ሊገመት ይገባል።

4. መትከልና ኤሌክትሪክ

መካከለኛ ቶርኖ ከ2 ቶን በላይ ሊመዝን ስለሚችል፣ ሲነሣ በአልጋው እንጂ በዘንጉ ወይም በእጀታዎቹ አይታሰርም። በኮንክሪት መሠረት ላይ ከተቀመጠ በኋላ በርዝመቱም በወርዱም በውኃ ልክ ይስተካከላል። የተጣመመ አልጋ ደኅናውን ማሽን ሾጣጣ እንዲቆርጥ ያደርገዋል፤ በዚህም ምክንያት ብዙ ጊዜ «ተበልቷል» የሚባለው ማሽን በውነቱ ያልተስተካከለ ሆኖ ይገኛል።

የኢትዮጵያ ባለ ሦስት ፌዝ ኤሌክትሪክ 380 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። በሞተሩ ሰሌዳ ላይ 220/380 ተብሎ የተጻፈ ሞተር ከዚህ መሥመር ጋር የሚገናኘው በኮከብ ቅርጽ ሲሆን፣ 380/660 የተጻፈበት ግን በሦስት ማዕዘን ቅርጽ ነው። የመጀመሪያው በሦስት ማዕዘን ከተገናኘ ወዲያው ይቃጠላል፤ ሁለተኛው በኮከብ ከተገናኘ ኀይሉ ወደ ሢሶ ወርዶ በሥራ ላይ ይግላል። ለ60 ኸርዝ የተሠራ ሞተር በ50 ኸርዝ ፍጥነቱ በስድስተኛ ይቀንሳል። ሰሌዳው 440 ቮልት ከሆነ በ380 ቮልት ሊሠራ ይችላል፤ ለ220 ቮልትና ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራው ግን በ50 ኸርዝ ላይ የሚስማማው ወደ 183 ቮልት ስለሆነ፣ በ220 ቮልት ይሞቃል።

ባለ ሦስት ፌዝ መሥመር ያልደረሰበት ትንሽ ወርክሾፕ፣ ከአንድ ፌዝ ሦስት ፌዝ የሚያወጣ ኢንቨርተር ሊጠቀም ይችላል። ይሁንና ኢንቨርተሩ የሚያወጣው 220 ቮልት ከሆነ፣ ሞተሩ 220/380 የተጻፈበትና በሦስት ማዕዘን የተገናኘ መሆን አለበት።

5. የጠፋውን መምሪያ መልሶ መጻፍ

ሀ) ፍጥነት። የእጀታዎቹ ሰንጠረዥ የተፋቀ ከሆነ በእያንዳንዱ ቦታ ፍጥነቱ ይለካ። በዝቅተኛው ፍጥነት በቻኩ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጎ የአንድ ደቂቃ ዙር መቁጠር ይቻላል። ከፍተኛው በስሌት ይገኛል፤ ሞተሩ በደቂቃ 1,440 ጊዜ ቢዞር፣ የሞተሩ ፑሊ 140 ሚሊ ሜትር፣ የተቀባዩ ፑሊ 280 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ወደ ማርሽ ሳጥኑ የሚገባው 720 ዙር ነው። ከዚያ በኋላ የማርሾቹ ጥርስ እየተቆጠረ ይባዛል፤ ይካፈላል። ፍጥነቱ ከታወቀ ሠልጣኙ ለሥራው የሚስማማውን ይመርጣል። 40 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ለስላሳ ብረት በደቂቃ 25 ሜትር ፍጥነት ለመቁረጥ የሚያስፈልገው 200 ዙር ያህል ነው።

ለ) ጥርስ ማውጫው ዘንግ። የዚህ ዘንግ የ10 ጥርስ ርዝመት በካሊፐር ይለካ። 60 ሚሊ ሜትር ከሆነ የአንዱ ርምጃ 6 ሚሊ ሜትር፣ ማሽኑም ሜትሪክ ነው፤ 63.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ግን በአንድ ኢንች 4 ጥርስ ያለው የእንግሊዝ ልክ ነው። በ6 ሚሊ ሜትሩ ዘንግ የ2 ሚሊ ሜትር ጥርስ ለማውጣት የማርሾቹ ንጽጽር 1 ለ3 ይሆናል፤ ይህም በ30ና በ90 ጥርስ ይሠራል። በኢንቹ ዘንግ ላይ ግን ንጽጽሩ 40 ለ127 ነው። ባለ 127 ጥርስ ማርሽ ከጠፋ፣ 63 በ80 እና 40 በ100 አጣምሮ 0.315 ማግኘት ይቻላል፤ ስሕተቱ በ1 ሜትር ርዝመት ከ0.13 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ለፓምፕ ዘንግ ዳዶ ይህ ከበቂ በላይ ነው።

ሐ) የተሰበረ ማርሽ። የውጭ ዲያሜትሩ በጥርሶቹ ቁጥር ላይ 2 ተደምሮ ይካፈል። 40 ጥርስ ኖሮት 84 ሚሊ ሜትር የሆነ ማርሽ ሞጁሉ 2 ነው። ውጤቱ እንደ 1.59 ያለ ያልተለመደ ቁጥር ከሆነ ማርሹ በኢንች ሥርዐት የተቆረጠ ነው፤ በሜትሪክ መቁረጫ ተተክቶ ቢሠራ ከጓደኛው ጋር ይፋጫል።

መ) ዘይት። የዘይት መመልከቻ መስተዋቶችና መጨመሪያ ቀዳዳዎች ተፈልገው በንድፍ ላይ ይመልከቱ። ለማርሽ ሳጥኑ 32 ወይም 46፣ ለአልጋው ደግሞ 68 ቁጥር የማሽን ዘይት ለአብዛኞቹ ቶርኖዎች ይስማማል። በጅግጅጋ ሜዳ አቧራና ነፋስ ስላለ አልጋውን ግራሶ መቀባት አይገባም፤ ግራሶ ከአቧራ ጋር ተለውሶ እንደ መሞረጃ ድንጋይ ብረቱን ይበላዋል። ማሽኑ ከሥራ በኋላ ተጠርጎ፣ በስሱ ዘይት ተቀብቶ ይሸፈን።

6. አደጋን መከላከል

አሮጌ ማሽን የሚገዛ ተቋም ከሁሉ አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው የሠልጣኙ እጅ ነው።

የመጀመሪያው አደጋ ኤሌክትሪክ ተቋርጦ ሲመለስ የሚመጣ ነው። ብዙ አሮጌ ማሽኖች የሚነሡት በቀጥታ ማብሪያ ስለሆነ፣ መብራት ሲጠፋ ማብሪያው በርቶ ይቀራል። ሠልጣኙ ማሽኑ ቆሟል ብሎ ቻኩን ሲነካ መብራቱ ቢመለስ ማሽኑ ሳይታሰብ ይነሣል። ስለዚህ እያንዳንዱ አሮጌ ማሽን መብራት ሲመለስ በራሱ የማይነሣ፣ አዝራር ሲጫኑለት ብቻ የሚሠራ ኮንታክተርና ቀይ የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ ሳይገጠምለት ለሠልጣኝ ሊሰጥ አይገባም። የዚህ ዋጋ ከማሽኑ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

ሁለተኛው ቻኩ በጥርስ በሚታሰርባቸው አሮጌ ቶርኖዎች የሚደርስ ነው። እንዲህ ያለ ማሽን በፍጥነት ወደ ኋላ ቢዞር ቻኩ ተፈትቶ ሊወረወር ይችላል። ሦስተኛው የቀበቶና የማርሽ መሸፈኛ መጉደል ነው፤ የጠፋ መሸፈኛ በወርክሾፑ ውስጥ ከላሚዬራ ሊሠራ ይችላል፤ ለሠልጣኞችም ጥሩ የመጀመሪያ ሥራ ነው።

የቋንቋም አደጋ አለ። በፈረንሳይ ማሽን አዝራር ላይ «ማርሽ» ተብሎ የሚነበበው ቃል «አስነሣ» ማለት ሲሆን፣ በአማርኛው የወርክሾፕ ቋንቋ ማርሽ ጥርሳሙ ክፍል ነው። «አሬ» ማለት «አቁም» ነው። በሩሲያ ማሽን «ፑስክ» ማስነሻ ነው። ሠልጣኙ ሶማልኛ አፉን የፈታበት፣ አማርኛና እንግሊዝኛ የተማረበት ሲሆን፣ በአደጋ ጊዜ አራተኛ ቋንቋ እንዲፈታ ሊጠበቅበት አይገባም። ስለዚህ በእያንዳንዱ እጀታና አዝራር ላይ በሶማልኛና በአማርኛ የተጻፈ ምልክት ይለጠፍ።

7. በሥርዐተ ትምህርቱ ውስጥ ያለው ቦታ

በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ የሥልጠናን ውጤት በሠልጣኙ ብቃት የሚለካ ነው። ብቃት ማለት ደግሞ በሰንጠረዥ የተሰጠን ቁጥር መከተል ብቻ አይደለም፤ ሰንጠረዥ በሌለበት ቁጥሩን ማግኘትም ነው። ከዚህ አንጻር መምሪያ የሌለው ማሽን ጉድለት ብቻ ሳይሆን የመማሪያ ርእስም ሊሆን ይችላል። ንጽጽርና ክፍልፋይ፣ የፍጥነት ስሌት፣ ቴክኒካዊ ንድፍ፣ የኤሌክትሪክ መሠረተ ሐሳብ ሁሉ በአንድ ማሽን ላይ ይገናኛሉ።

ለዚህም እያንዳንዱ ማሽን የራሱ መዝገብ ይኑረው። በመዝገቡ የሰሌዳው ግልባጭ፣ የተለካው ፍጥነት፣ የማርሾቹ ጥርስ ብዛት፣ የኩሽኔታዎቹና የቀበቶዎቹ ቁጥር፣ የኤሌክትሪክ ግንኙነቱ ንድፍ፣ የዘይቱ ዐይነትና የተለወጠበት ቀን፣ የደረሰው ብልሽትና የተሰጠው መፍትሔ ይስፈር። የአንዱ ዓመት ሠልጣኞች የጀመሩትን የሚቀጥለው ዓመት ሠልጣኞች እያረጋገጡና እያረሙ ይቀጥሉበት። አንድ ቅጂ በወርክሾፑ፣ አንድ ቅጂ በቤተ መጻሕፍቱ ይቀመጥ፤ ተመሳሳይ ማሽን ላለው ለሌላ ተቋምም ይላክ። መምህሩ ሲዛወር መዝገቡ ከማሽኑ ጋር ይቆያል።

መደምደሚያ

ያገለገለ ማሽን መግዛት ርካሽ የሚሆነው ገንዘቡ ብቻ ሲቆጠር ነው። ለምርመራው፣ ለተከላው፣ ለመከላከያውና ለልኬቱ የሚወጣው ጊዜና ዕውቀት ካልተጨመረበት፣ በርካሽ የተገዛው ቶርኖ በወርክሾፑ ጥግ አቧራ የሚጠጣ ብረት ሆኖ ይቀራል፤ ወይም የከፋው ሆኖ የሠልጣኝን ጣት ይወስዳል። ይህ ሁሉ ከተደረገለት ግን፣ የሠራው ፋብሪካ ተዘግቶ እንኳ ማሽኑ በጅግጅጋ ሜዳ ለተጨማሪ ዓመታት ሊያገለግል ይችላል። ስለሆነም ተቋማት የግዥ ጥያቄ ሲያቀርቡ የማሽኑን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የማስተካከያውን፣ የኮንታክተሩን፣ የመለኪያ መሣሪያዎቹንና የመዝገቡን ዝግጅት ጭምር በአንድ በጀት እንዲያቀርቡ፣ የመምህራን ማሠልጠኛዎችም ማሽንን ያለ መምሪያ የማንበብ ትምህርት በወርክሾፕ መምህራን ሥልጠና ውስጥ እንዲያካትቱ ይገባል።